የብረቱ አሥራ አንድ ቡሎን

ስማዳ፣ ከብረቱ ዳር
የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ በሰው አገር ለሚኖረው ለእህቴ ልጅ ለይታያል፤

ሰላምታዬ ወንዛችንን ቀይ ውኃን ተሻግሮ፣ ባሕሩንም ተሻግሮ ካለህበት ደጅ ይቁም። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ? እኔ ቁልቁለት ላይ ጉልበቴ ከመለገሙ በቀር ኪዳነ ምሕረት ትመስገን ደህና ነኝ። ላሟ ወልዳለች። ጥጃው ወንድ ነው፤ ግትርነቱ የእናቱ ነው።

የምጽፍልህ ወሬ ስላለኝ ነው። ከላይ መልካው አጠገብ ሲሠራ የነበረው የሲሚንቶ ድልድይ አለቀ። ባለፈው ወር ሪባን ተቆርጦ መኪናው ሁሉ በዚያ ሆኗል። ልጅ ሳለህ አጠገቤ ቆመህ የጭነት መኪና ስናሳልፍ ታስታውስ እንደሁ፤ አንዱ ሳይወጣ ሌላው አይገባም እያልሁ ቀይ ጨርቅ ሳውለበልብ። አሁን የማውለበልብለት የለኝም። የድልድይ ጥበቃ ደመወዜን ግን እስካሁን አልቆረጡትም፤ ረስተውኝ ይመስለኛል። እኔም አላስታወስኋቸውም።

አያትህ «በመርከብ መጣ፣ በበቅሎ ወረደ፣ በየቁራጩ ቁጥር ተመትቶበት እዚሁ ተገጣጠመ» ሲለው የኖረው ብረት፣ አሮጌው ድልድያችን፣ እንግዲህ ሥራ ፈቷል። ከክረምት በኋላ መሐንዲሶች መጥተው ይመረምሩታል አሉ። ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ለእግረኛና ለከብት ይተዉታል። ካልሆነ ተቆራርጦ በኪሎ ይሸጣል። ቤተ ክርስቲያናችን ማዶ መሆኑን አትረሳም። እናትህ እናኑም፣ ባለቤቴም ያረፉት ማዶ ነው። ብረቱ ከተነሣ በክረምት ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም በሲሚንቶው በኩል ዞሮ ሦስት ሰዓት ወደ ላይ፣ ሦስት ሰዓት ወደ ታች ነው። ሬሳ ተሸክሞ ደግሞ አስበው።

ባለፈው ሐሙስ ሙሽራ ተሻገረ። ብረቱ አፍ ሲደርሱ እንደ ደንቡ ዘፈኑ ቆመ፣ ከበሮው ብብት ውስጥ ገባ፣ አጃቢው አንድ በአንድ ዝም ብሎ አለፈ። ማዶ ሲወጡ እንደገና ጀመሩ። ይህ ደንብ አንተ ከሄድህ ወዲህ የመጣ ነውና አታውቀውም። ልጆቹ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው ይላሉ። እኔም አላረምኋቸውም።

የአባቴን መፍቻ ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ዘይት ቀብቼዋለሁ። እንደ ልማዴ ከክረምት በፊት ቡሎኖቹን እዞራቸዋለሁ።

ምንም አልጠይቅህም፤ ወሬው ይድረስህ ብዬ ነው። ይህን ወገዳ ያለችው የፎቶ ኮፒዋ ምስራቅ በስልኳ አንስታ ትልክልሃለች፤ ያንተንም አትማ ትሰጠኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ስወጣ እጠይቃታለሁ። መጀመሪያ የምታነበው እሷ ናትና ሰላም በላት።

ካለህበት ክፉ አይንካህ።
አጎትህ ጥላዬ


ሻርጃህ
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ እንደ አባት ላሳደጉኝ ለአጎቴ ለአያ ጥላዬ፤

ከእግርዎ በታች ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ምስራቅ፣ አንቺም እንደምን ነሽ?

መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። አሁን አለቃ ሆኛለሁ፤ አሥራ ሁለት ሰው በሥሬ አለ። ሥራው ያው እንደነገርኩዎ ነው። ያረጀ መርከብ ይመጣል፣ ያረጀ መጋዘን ይመጣል፣ በጋዝ ቆራርጠን ወደ ማቅለጫ እንልከዋለን። ሙቀቱ ገና ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ይብሳል።

ለጉልበትዎ መታከሚያ ጥቂት ብር ልኬያለሁ። ደግሞ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ንፋስ መውጫ አንዲት ክፍል ልከራይልዎ። መብራት አለ፣ ሐኪሙ ቅርብ ነው፣ ባጃጅ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። መኪና በማያልፍበት ወንዝ ዳር ብቻዎን ተቀምጠው ምን ያደርጋሉ? ስለ ብረቱም ብዙ አይዘኑ። ብረት ብረት ነው አያ። ቀኑ ሲደርስ ይቆረጣል። እኔ በየቀኑ የማየው ይህንኑ ነው።

ብረቱ ላይ አይዘፈንም የሚለው ደንብ ግን ገረመኝ። እኔ እያለሁ መሐሉ ላይ ቆመው ይጨፍሩ ነበር፤ እርስዎም ያጨበጭቡ ነበር። ማን አወጣው?

የሚመጡት መሐንዲሶችስ እንዴት ነው የሚመረምሩት? ቡሎን በቡሎን ይቆጥራሉ ወይስ ዳር ቆመው አይተው ይሄዳሉ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ለፋሲካ በሰላም ያድርስዎ።
ልጅዎ ይታያል


ስማዳ፣ ከብረቱ ዳር
ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለይታያል፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ፤ የፋሲካው ሰላም በእንጀራ ፍለጋህ ላይ ይደር። እኔ ፋሲካን በደህና ውያለሁ። ከማዶ ጎረቤቶች ቅርጫ ገብቼ ነበር፤ ሥጋውን አምጥቼ ቁርጡን ለማን እንደምሰጠው አጣሁና ግማሹን ቋንጣ አደረግሁት።

ለጥያቄህ፣ አዎ፣ ይቆጥራሉ። መቁጠር ብቻ አይደለም፤ በትንሽ መዶሻ እያንዳንዱን እየመቱ ድምፁን ያደምጣሉ።

ብሩ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልነካሁትም። ንፋስ መውጫውም ይቅርብኝ። ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንዝ እየሰማሁ የተኛሁ ሰው ባጃጅ እየሰማሁ አልተኛም። ብር አትላክልኝ ማለቴ እንዳይመስልህ፤ ሌላ ነገር ልጠይቅህ ስለፈለግሁ ነው።

አሥራ አንድ ቡሎን ከነማጥበቂያ ዳዷቸው ላክልኝ። ያረጁ አሉ። ወገዳ አስጠይቄያለሁ፣ ንፋስ መውጫ አስጠይቄያለሁ፣ መካነ ኢየሱስ ድረስ ሰው ልኬ አስጠይቄያለሁ። የሚሸጠው ሁሉ የዛሬ መለኪያ ነው፤ አንዱ ይላወሳል፣ አንዱ አይገባም። ብረቱ በድሮው በኢንች የተሠራ ነው። አንተ የድሮ ብረት መሐል ነው የምትውለው፤ የሚመስለው አይጠፋህም።

ልኩን እንዳትስት ብዬ መላ አበጅቻለሁ። ከጧፍ የተረፈ ሰም አሙቄ ቀዳዳው ውስጥ ሞላሁና ሲቀዘቅዝ ነቅዬ አወጣሁት። የቡሎኑን ውፍረትና ርዝመት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የጎረቤቴ ልጅ ወንድወሰን ወደ እናንተው አገር መውጣቱ ነውና በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጥቼዋለሁ። እንዲህ ያለ መሐንዲስ ብሆን ኖሮ እያልሁ ራሴን ሳደንቅ ሰነበትሁ።

መንገዱን ያቅናልህ።
አጎትህ ጥላዬ


ሻርጃህ
ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ጥላዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱ ገባ ወይ? የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ወንድወሰን በደህና ገብቷል። ሰሙ ግን ቀልጧል አያ። እዚህ ጥላ ውስጥ አርባ ስድስት ነው የሚለው። ጋዜጣውን ስፈታው ቢጫ ቅባት ጠጥቶ አገኘሁት፤ የወንድወሰን ሸሚዝም ገና ጧፍ ጧፍ ይሸታል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ጋዜጣውን ለመጣል እጄ እንቢ አለኝ።

ልኩን በሚሊ ሜትር ቢያስለኩልኝ ይሻላል። ወይም ደግሞ ባሕር ዳር ያሉ ነጋዴዎች አያጡትም፤ ለዚሁ ብለው ይግዙበት ብዬ ብር ጨምሬያለሁ። ከዚህ ድረስ ብረት ማጓጓዝ ምን ያደርጋል? ለምንስ አሥራ አንድ ሆነ? ያረጁ ናቸው ብለውኛል። ይሁን።

ሥራ በዝቶብኛልና በዚህ ላብቃ። ጉልበትዎን ይታከሙ።

ልጅዎ ይታያል


ስማዳ፣ ከብረቱ ዳር
ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለይታያል፤ በእጅህ ብቻ የሚከፈት፤

ቀይ ውኃ ሞልቶ እየጮኸ ነው የምጽፍልህ። ጤና ይስጥህ፤ የምታነበው ብቻህን ሆነህ ይሁን።

ይህ ደብዳቤ በምስራቅ ስልክ አያልፍም። ትዕግስት የምትባል የማዶ ልጅ እናንተው አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ለእናቷ ተዝካር መጥታ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ እየጠበቀች ነው፤ ሲከፈት ትመለሳለች። እሷን አምኜ በሰም አሽጌ ሰጥቻታለሁ። የዚህኛው ሰም ቢቀልጥም ግድ የለኝም።

በጨርቅ የተጠቀለለውን አሁን ፍታው። የወይራ ችንካር ነው። ዘጠኝ ዓመት ብረቱ ውስጥ በቡሎን ፈንታ ቆሟል። በተቃጠለ ዘይት ያጠቆርሁት እኔ ነኝ፤ ከሩቅ ሲያዩት ብረት ይመስላል። እንዲህ ያሉ አሥር ሌሎች አሉ።

አንተ የሄድህ ዕለት ማለዳ ጉልበቴን ስመህ ዳገቱን ስትወጣ እስክትሰወር አየሁህ። ቤቱ ባዶ ሆነብኝ። እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ መፍቻውን ይዤ ብረቱ ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ አንድ ቀዳዳ አገኘሁ። ከዚያ ሌላ። ማዶ እስክደርስ አሥራ አንድ ሆኑ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አሮጌ ብረት በኪሎ የሚገዛው የቁራሌው መኪና ወገዳ ገበያ ቆማ እንደነበር አውቃለሁ።

ማን እንደሆነ ያወቅሁት ግን በቁራሌው አይደለም። ሌባው ከአንድ ማሰሪያ፣ ብረት ከብረት ከሚጋጠምበት፣ ሁለት አላወጣም። ከየማሰሪያው አንድ አንድ፣ ያውም ሸክም ከማይበዛበት ወገን ነው የመረጠው። ሌላ ሰው ቢሆን የቀለለውን ከአንድ ቦታ ገፎ ይሄድ ነበር። ይህን የሚያውቅ ብረቱ ላይ ያደገ ብቻ ነው፤ ያስተማርሁትም እኔ ነኝ። እዚያው መሐል ላይ ተቀመጥሁ። ተናደድሁ፣ አለቀስሁም። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ኮራሁ።

ለአለቆቼ ባመለክት ማን ይመስልሃል ብለው መጠየቃቸው አይቀርም ነበር። መዋሸት አልችልበትም። ስለዚህ ዝም አልሁ፤ ወይራ ቆርጬ ጠርቤ ሞላሁት። ከዚያ ወዲህ የኖርሁት ኑሮ ይህን ዝምታ መጠበቅ ነው። የጭነት መኪና ሹፌሮችን ግማሹን አውርዳችሁ እለፉ እያልሁ ከስንቱ ተጣላሁ። ያ ሽማግሌ ጃጅቷል ተባልሁ። በዚያው ዓመት ጥር ሠርገኞች መሐሉ ላይ ቆመው ሲጨፍሩ ችንካሮቹ ሲያቃስቱ ሰማሁ። ሮጬ እጄን ዘርግቼ አስቆምኋቸው። ለምን ሲሉኝ ደንብ ነው አልኋቸው። የጠየቅኸኝ ደንብ እንዲህ የወጣ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሠርግ በፊቴ እንደ ቀብር አለፈ።

አልተቆጣሁህም ብዬ አልዋሽህም። ላሟን ሸጠህ ስጠኝ ብትለኝ እሸጥልህ ነበር። ግን አሁን ምንም እንድትለኝ ብዬ አይደለም። መሐንዲሶቹ በታኅሣሥ ይመጣሉ። መዶሻው ሲያርፍበት ወይራ የወይራ ድምፅ ነው የሚያወጣው። ያን ጊዜ ብረቱ ይቆረጣል፤ እናትህና ባለቤቴም ማዶ ይቀራሉ፣ እኔም ወዲህ።

ልኩ ይኸው። ይህኛው አይቀልጥም። ከማዶ በኩል ከሦስተኛው ማሰሪያ የነቀልሁት ነው፤ ቀዳዳውን ክፍት ትቼዋለሁ። ንፋስ ሲነሣ ያፏጫል፤ ደጄ ተቀምጬ እሰማዋለሁ።

እናኑ ከላይ ትይህ።
አጎትህ ጥላዬ


ሻርጃህ
ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ጥላዬ፤

እንዴት አድርጌ ሰላም እንደምልዎ ጨንቆኝ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ሰላም ይሁኑ። ጤና ይሁኑ። ሌላ አልመጣልኝም።

ትዕግስት ያገኘችኝ በምሳ ሰዓት ነው። የመርከብ ላሜራ ላይ ተቀምጬ ጨርቁን ፈታሁት። አብረውኝ የሚሠሩት መጥተው ከበቡኝ። አንዱ መድኃኒት ነው ወይ አለኝ፣ አንዱ መፋቂያ መሰለው። የቤተሰብ ዕቃ ነው አልኋቸውና ኪሴ ከተትሁት። 

እኔ ነኝ አያ። ያወጣሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ቢያውቁትም እኔ በአፌ ልበለው። ወደዚህ የሚልከኝ ደላላ በመጨረሻው ሳምንት ብር ጨምር አለኝ፤ የሚጨመር አልነበረኝም። ላሟን እንዳይሸጡብኝ ስል ነው እያልሁ ዘጠኝ ዓመት ራሴን አታለልሁ። እውነቱ ግን ልጠይቅዎ አፈርሁ። ሦስት ቀን ከብት ጠባቂ መስዬ መፍቻውን በጋቢ ውስጥ ይዤ ወጣሁ። አንዱን በፈታሁ ቁጥር ድልድዩ ይናገርብኛል እያልሁ ቆሜ አዳምጥ ነበር። መፍቻውን መልሼ ከአልጋዎ ሥር ሳስቀምጥ ዘይቱን ጠርጌ ነው። ያንንም ሳያውቁት አልቀሩም።

ከጀመርሁት ልጨርሰው። አለቃ አይደለሁም። አሥራ ሁለት ሰው በሥሬ የለም፤ እኔው ነኝ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ። የመኖሪያ ወረቀቴ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መውጣት ይፈቅዱልኛል፤ ከወጣሁ ግን ተመልሼ አልገባም። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን እናድራለን፤ አራት ቋንቋ ይነገራል፣ አማርኛ ግን የለም። ስሜን አሳጥረው «ያታ» ነው የሚሉኝ። ወንድወሰን ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ትዕግስት እስክትመጣ ሦስት ወር ሙሉ ሰው በአማርኛ አላናገረኝም። ብረት ብረት ነው ብዬ የጻፍሁልዎ ሰው እንግዲህ ይህ ነው።

አሁን ስለ ቡሎኑ። ወደብ ላይ ቆሞ የነበረ አሮጌ ክሬን ወደ ግቢያችን መጣ። ቡሎኑን ሳየው ደነገጥሁ። አንዱን ፈትቼ ችንካሩን ቀዳዳው ውስጥ ከተትሁት፤ ልክክ አለ። አለቃውን ለምኜ አሥራ አንዱን ለራሴ እንድፈታ ፈቀደልኝ። ሌሎቹ በጋዝ ቁረጠው፣ ምን ያለፋሃል ይሉኝ ነበር። ዘይት እያፈሰስሁ፣ እየጠበቅሁ፣ አንድ ቀን ሙሉ በእጄ ፈታኋቸው። እዚህ ከመጣሁ ሳልቆርጥ የፈታሁት ብረት ይህ ብቻ ነው።

ትዕግስት አሠሪዎቿ ለቀዋት ጠቅልላ ወደ አገር መግባቷ ነው። ከሻንጣዋ የራሷን ብርድ ልብስ አውጥታ ቡሎኑን ከተተችልኝ። በአውሮፕላን ማረፊያ ምንድን ነው ቢሏት የደወል ማንጠልጠያ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን ነው እላቸዋለሁ ብላኛለች። የውሸቷን ንስሓ እኔ እንድቀበልላት ተስማምተናል።

ይቅር ይበሉኝ አያ። ይህን ለመጻፍ ዘጠኝ ዓመት ነው የፈጀብኝ።

ይታያል


ስማዳ፣ ከብረቱ ዳር
ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለይታያል፤

እንኳን ለጥምቀቱ በሰላም አደረሰህ። ሰላሜ አይቆጠርም፤ የምትችለውን ያህል ውሰድ። ይህኛው በምስራቅ በኩል ነው የሚመጣው። ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም፤ እሷም ያነበበችውን ለሰው አትናገርም። ፈተንኋት።

ትዕግስት ደጄ ድረስ መጥታ ኮሮጆውን አስረከበችኝ። ማረፊያው ላይ ደወል ነው ብላ አልፋለች። ቡሎኖቹን መደቡ ላይ ደረደርኋቸውና ብዙ ጊዜ አየኋቸው። አጥበህ ነው የላክኸው። በማግሥቱ ወይራውን እያወጣሁ ብረቱን አገባሁ። ጉልበቴ እያስቸገረኝ አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ሲጠብቁ የሚያሰሙትን ድምፅ ረስቼው ነበር። ዐሥሩን ሞላሁ።

በታኅሣሥ መጨረሻ መሐንዲሱ መጣ። አንተነህ የሚባል ቀጭን ልጅ ነው፤ ጫማው ለዚህ አገር አይሆንም። ሁለት ቀን ሙሉ እየወጣ እየወረደ በመዶሻው ሲመታ እኔ ከኋላው ነበርሁ። ጥሩ ጠብቀኸዋል አባባ፣ ከመዝገቡ ላይ ካየሁት ይሻላል አለኝ። ከዚያ ከማዶ በኩል ሦስተኛው ማሰሪያ ላይ ደርሶ ቆመ። ቀዳዳው ውስጥ ጣቱን ከተተ።

«ይህስ አባባ?» አለኝ።

አሥራ አንደኛው ቡሎን ኪሴ ውስጥ ነበር። እዚያው ኪሴ ውስጥ ጨብጬው፣

«ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው» አልሁት።

ልጁ አየኝ። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና አንዱ ቢጎድል አይወድቅም፣ እኔ ግን በጎደለ ነገር ላይ አልፈርምም አለኝ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ተሞልቶ ካገኘሁት ለእግረኛ ይቀራል ብዬ እፈርማለሁ፣ ባዶ ካገኘሁት ከሚቆረጡት ጋር ይመዘገባል አለ። እሺ አልሁት። ሞኝ ሽማግሌ በለኝ ካልህ በለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ቡሎኑን አለቀቅሁም።

ይቅር በሉኝ ብለሃል። ይቅር ያልሁህ የዚያኑ ማለዳ ነው፤ ዳገቱን ስለወጣህ አልሰማህም። ከወጣሁ አልመለስም ብለህ የጻፍኸውንም አነበብሁ። ደጋግሜ አነበብሁት። ከባድ ነገር እንደምጠይቅህ አውቃለሁ። ግን ብቻዬን ነኝ ይታያል። ይህን ጽፌልህ አላውቅም። ማታ ማታ ሰው ያልፍ እንደሁ እያልሁ ብረቱን አዳምጣለሁ፤ ሰው አያልፍም። አንተም እዚያ ስምንት ሆነህ ብቻህን ነህ።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ባለፈው እሑድ ሙሽራ መጣ። ብረቱ አፍ ላይ ዝም አሉ። ዝፈኑ አልኋቸው። የሚሰማኝ አጣሁ። ሚዜው ነውር ነው አባባ፣ ከአባቶቻችን የመጣ ነው፣ ብረቱ ላይ አይዘፈንም አለኝ። እኔን! ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ ብላቸው ማን ያምነኛል? በመጨረሻ ራሴ ፊት ፊት ገብቼ በዚህ በሰለለ ድምፄ ጀመርሁላቸው። መጀመሪያ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ተቀበሉኝ። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ከበሮው ወጣ። እኔ መዝፈኑን ትቼ አዳመጥሁ። ብረቱ ምንም አላለም። ከዚያ እነሱ ማዶ ወጥተው ሄዱ፣ እኔ ብቻዬን ተመልሼ መጣሁ።

አንዷ ቀዳዳ ግን አሁንም ታፏጫለች።

አጎትህ ጥላዬ


ወገዳ
ግንቦት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ጥላዬ፤

እንደምን ዋሉ? ይህን የምጽፈው ምስራቅ ሱቅ ውስጥ፣ እርስዎ የሚቀመጡበት ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ለገበያ ይወጡ ይሆናል ብዬ ከጠዋት ጀምሮ በሩን ሳይ ዋልሁ። ምስራቅ ጉልበታቸው ብሶ ሁለት ቅዳሜ ቀርተዋል አለችኝ። ይህን አልጻፉልኝም።

አራት ወር ሙሉ መልስ ያልሰጠሁዎ ልዋሽዎ ስላልፈለግሁ ነው። እመጣለሁ ብዬ ብቀርስ ብዬ ፈራሁ። ወረቀቴን አስረክቤ ወጣሁ፤ ከእንግዲህ ያ በር ተዘግቷል። የያዝሁት አንድ ትንሽ ሻንጣ ነው። ብዙ እንዳይጠብቁ።

ከዚህ እርስዎ ጋ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ መሆኑን አውቃለሁ። ደብዳቤ የሚጻፍበት ርቀት አይደለም። ግን ፊትዎ ቆሜ የምለው ቃል አጣሁ። ስለዚህ ከገበያ ለሚመለስ የሰፈራችን ሰው ይህን እሰጠዋለሁ፤ እሱ ይቅደም፣ እኔ ቀስ ብዬ ከኋላ እመጣለሁ። አንብበው ሲጨርሱ ዳገቱ ላይ ቀና ብለው ይዩ።

ችንካሩ ኪሴ ውስጥ ነው። መፍቻውን ከአልጋዎ ሥር ያውጡልኝ።

ይታያል